ኮራልን ተክሎ ማጽደቅ፦ የባሕር ውስጥ ችግኝ ጣቢያ አሠራር

ችግኝ ተክሎ የሚያውቅ ሰው በመትከልና በማጽደቅ መካከል ያለውን ርቀት ያውቃል። ባሕር ውስጥ ይህ ርቀት ይሰፋል። የሠለጠነ ጠላቂ በአንድ ቀን ብዙ ኮራል ሊለጥፍ ይችላል። ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደቆመ የሚወስነው ግን አስቀድሞ የተመረጠው ቦታ፣ ቁራጩ የመጣበት ዘር፣ ከዚያም ጊዜውን ጠብቆ አልጌ የተባለውን የውኃ ውስጥ ዕፅ የሚጠርገው ብሩሽ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ሙጫው ጥቂት፣ ስለ ምርጫውና ስለ ጽዳቱ ግን ብዙ ይላል።

በምሳሌነት የያዝነው በአሜሪካ ደቡብ ጫፍ፣ በፍሎሪዳ ኪይስ ደሴቶች የሚሠራበትን «የኮራል ዛፍ» ነው። ዘዴውን ያስፋፋው ኬን ኔዲመየር በ2007 ያቋቋመው ኮራል ሪስቶሬሽን ፋውንዴሽን ነው (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዋናው ተክል ስታግሆርን፣ ማለትም የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው ቅርንጫፋም ኮራል ነው። በአማርኛ ኮራልን ዛጎል የሚሉ አሉ፤ ዛጎል ግን የቀንድ አውጣ ወገን ቅርፊት ስለሆነ እዚህ ኮራል ብለን እንቀጥላለን፤ ኮራሎች የሚገነቡትን የባሕር ውስጥ አለት ደግሞ ሪፍ እንለዋለን።

ሪፉ ለምን እንደሞተ ሳይታወቅ ተከላ አይጀመርም

ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት በጋራ ሆነው የኖራ አጽም ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው የኮራሉን አብዛኛውን ቀለብ ይሸፍናሉ። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ እነዚህን አልጌዎች ያስወጣና ነጭ አጽሙ በሥጋው በኩል ይታያል። ይህ መንጣት ሞት አይደለም፤ ረሃብ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ኮራሉ ሊያገግም ይችላል፤ ከቆየ ይሞታል።

የፍሎሪዳ ሪፍ በአንድ ምክንያት አልሞተም። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነጭ ቀለበት የሚባለው በሽታ ቅርንጫፋሞቹን ኮራሎች ጨረሰ። በ1983 እና 1984 በመላው ካሪቢያን አልጌ እየጋጠ አለቱን የሚያጸዳው ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርት በብዛት አለቀ፤ አለቱም ለአልጌ ተተወ። በጥር 2010 ደግሞ ያልተጠበቀ ብርድ መጣ፤ ለዳርቻ ቅርብ በሆኑ ቦታዎች ውኃው ከ16 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ወርዶ ብዙ ኮራል ገደለ። በ2014 ማያሚ አጠገብ የታየው የጠጣር ኮራሎች ሥጋ የሚያረግፍ በሽታ ትልልቆቹን ድንጋይ መሳይ ኮራሎች መታ። በ2023 የደረሰው ሙቀት ከሁሉም ከበደ፤ በመጨረሻው ክፍል እንመለስበታለን።

ይህን ዝርዝር ያመጣነው ለሐዘን አይደለም፤ ቦታ ለመምረጥ ነው። ፍሳሽ፣ ከባሕር ዳር ግንባታ የሚመጣ ደለል፣ የጀልባ መልህቅ የመሳሰሉት በአካባቢው አቅም ሊቆሙ ይችላሉ። ካልቆሙ አዲሱም ኮራል የቀድሞው ዕጣ ይደርሰዋል። በእስራኤል የቀይ ባሕር ዳርቻ በኤላት ሪፉን በንጥረ ምግብ ይበክላሉ የተባሉት የዓሣ እርባታ መረቦች በ2008 እንዲነሡ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቦታ ኮራል ማኖር መቻል አለመቻሉ ካልተረጋገጠ ከሠላሳ የማይበልጡ የሙከራ ቁራጮች ተክሎ አንድ ሙሉ በጋ መጠበቅ ይሻላል (እዚህ በጋ የምንለው ሞቃቱን ወቅት፣ ክረምት የምንለው ቀዝቃዛውን ነው)። ከሠላሳው ሃያ አምስቱ ከሞቱ ሺህ መትከል ማባከን ነው።

ፈቃድም አለ። ስታግሆርን እና ወንድሙ ኤልክሆርን ከ2006 ጀምሮ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ተብለው ይጠበቃሉ። በፍሎሪዳ ኪይስ ብሔራዊ የባሕር ጥብቅ ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ ኮራል መቁረጥ ቀርቶ መንካትም ያስጠይቃል። በሌላ አገርም ያለ ፈቃድ አይጀመርም።

ለችግኝ ጣቢያው የሚሆን ቦታ

ጣቢያው የሚቆመው ሪፉ ላይ አይደለም፤ ከሪፉ ወጣ ባለ አሸዋ ላይ ነው። ጥልቀቱ ከ6 እስከ 10 ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ካነሰ ማዕበል ይሰብራል፤ ከዚያ ከበለጠ ብርሃን ያንሳል፣ ጠላቂውም ቶሎ አየር ይጨርሳል። አሸዋው ለመልህቅ ቢያንስ አንድ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል፤ በብረት ዘንግ ወግቶ መለካት ይበቃል። ውኃው ሁልጊዜ በመጠኑ መፍሰስ አለበት። የቆመ ውኃ ደለል ያከማቻል፣ ቶሎም ይሞቃል።

በአቅራቢያው አልጌ በል ዓሦች ያሉበት ሪፍ ቢኖር ትልቅ እገዛ ነው፤ የጽዳቱን ድርሻ ይወስዳሉ። የጀልባ መንገድ ግን መራቅ አለበት።

ዛፉን መሥራት

የኮራል ዛፍ ቅርጹ እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ነው፤ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ ግንድ፣ በጎንና በጎኑ አግዳሚ ቅርንጫፎች። ለአንድ ዛፍ የሚያስፈልገው፦

- ከ2 እስከ 3 ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ለግንድ
- 1 ሜትር ከ20 ገደማ የሚረዝሙ 10 የፋይበርግላስ ዘንጎች ለቅርንጫፍ
- አናቱ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ
- አሸዋ ውስጥ የሚቀበር መልህቅ፣ ጠመዝማዛ ወይም ተመትቶ ገብቶ ሲሳብ የሚጋደም ዓይነት
- ወፍራም ገመድ፣ የማይዝግ ማያያዣ፣ ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለንና የናይለን መቆንጠጫ

በግንዱ ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ ይበሳና ዘንጎቹ አንዱ ከሌላው በላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይሻገራሉ። የቱቦው ጫፎች ክፍት ይሁኑ ወይም በየቦታው ይበሱ፤ ውስጡ የታሰረ አየር ካለ ዛፉ ይጋደማል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ስድስት ቁራጭ ሲንጠለጠል አንድ ዛፍ 60 ኮራል ይይዛል። ጨምሮ ማጨቅ ያጓጓል፤ ግን ኮራሉ ሲያድግ እርስ በርስ ይነካካል፣ ሥጋውም ይላጣል፤ የተላጠ ሥጋ ደግሞ የበሽታ በር ነው።

ኮራሉ ለምን ይንጠለጠላል? ወለሉ ላይ ቢቀመጥ እሳት ትል የሚባለው ፀጉራም ትልና ሥጋ በል ቀንድ አውጣ ወጥተው ይበሉታል። የተንጠለጠለውን ግን አያገኙትም። ሞገዱ ስለሚያወዛውዘው ደለል አይቀመጥበትም፤ ምግብና ንጹሕ ውኃም ከአራቱም ጎን ይደርሰዋል። የዛፉ ታችኛው ቅርንጫፍ ከወለሉ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል። ዛፎቹም በ3 ሜትር ይራራቁ፤ ማዕበል ሲያጋድማቸው እንዳይጠላለፉ።

ከሁሉ የሚሰበረው የመልህቁ ገመድ ነው። በአሸዋና በማያያዣው ብረት ይሞረዳል፤ ማንም ሳያየው በሁለተኛው ዓመት ይበጠሳል። ስለዚህ ሁለት ገመድ ይታሰር፤ ሁለተኛው በመጠኑ ረዘም ይበልና ሸክም አይያዝ፤ የመጀመሪያው ሲቆረጥ ዛፉን እሱ ይይዘዋል። ማያያዣው በየሦስት ወሩ በእጅ ይዳሰስ። ዓይን ብቻ ያታልላል፤ አልጌ ሁሉን ይሸፍናል።

መግረዝና ማንጠልጠል

ቁራጭ የሚወሰደው ጤነኛ፣ ቀለሙ ሙሉ፣ ነጭ ነጥብ ከሌለው እናት ኮራል ነው። ከአንድ እናት ከ10 በመቶ በላይ አይቆረጥም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን እድገቷም የመውለድ አቅሟም ይጎዳል። በማዕበል ተሰብሮ ወለል ላይ የወደቀ ሕያው ቁራጭ ካለ ቅድሚያ ለእሱ ይሰጥ፤ እዚያ ቢቀር በአሸዋ ታሽቶ መሞቱ አይቀርም።

ቅርንጫፉ በስለታም ፒንሳ ወይም በመቁረጫ በአንድ ጊዜ ይቆረጥ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጫፍ ያለው ቁራጭ ወደፊት ማደጉን ይቀጥላል፤ የመሐሉ ቁራጭ አዲስ ጫፍ እስኪያወጣ ጊዜ ይወስዳል። ናይለኑ በቁራጩ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ይቆነጠጣል፤ በመቁረጫው ቦታ ላይ አይሁን፣ ያ ቦታ ገና ሥጋ የለውም። ጠበቅ ይበል እንጂ አይቆርጥ፤ በሳምንታት ውስጥ ኮራሉ ራሱ በክሩ ላይ ሥጋ አልብሶ ይውጠዋል። ላላ ከተባለ ግን ክሩ በየሞገዱ እያሻሸ ሥጋውን ይልጣል፤ አዲስ የተንጠለጠሉ ቁራጮች በመጀመሪያው ወር በብዛት የሚሞቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከአንድ እናት ወደ ሌላዋ ሲሸጋገሩ መቁረጫው ይጸዳ። በጀልባው ላይ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ ተደርጎ አሥር ደቂቃ ይነከራል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ በደንብ ይታጠባል። ውኃ ውስጥ ይህ አይቻልም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ እናት የየራሱ መቁረጫ ይዞ መውረድ ይሻላል።

አሁን የዘሩ ጉዳይ። ከአንዲት እናት የተቆረጡት ሁሉ አንድ ዘረ መል ያላቸው ቅጂዎች፣ ማለትም አንድ ጂኖታይፕ ናቸው። ስታግሆርን በአንድ አካል ወንድም ሴትም ቢሆን ራሱን በራሱ አያስረግዝም ለማለት ይቻላል። ሙሉ ሪፍ በአንድ ጂኖታይፕ ቢሞላ ለምለም ይመስላል፣ ግን ልጅ አይወልድም፤ አንድ በሽታም ሁሉንም ሊጠርጋቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዛፍ አንድ ጂኖታይፕ ብቻ ይያዝ፣ ቁጥሩም በግንዱ ላይ በተቀረጸ ፕላስቲክ ይታሰር። በቀለም የተጻፈ በወራት ውስጥ ይጠፋል። ምልክቱ የጠፋበት ዛፍ ኮራሎቹ ቢያምሩም ዘር አደባልቆ ለመትከል ከንቱ ነው።

ብሩሹ

በጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ ክረምት በየወሩ። ይህን ያህል ጠላቂና ጀልባ ከሌለ የዛፎቹ ቁጥር ይቀነስ። አሥር ንጹሕ ዛፍ ከሠላሳ አልጌ የወረሰው ዛፍ የበለጠ ኮራል ያወጣል።

ዘንጎቹና ግንዱ በሽቦ ብሩሽ ወይም በሸካራ ስፖንጅ ይፈተጋሉ። ክሩ ኮራሉ አጠገብ ሲደርስ በጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው። የኮራሉ ሥጋ በጭራሽ አይነካ። ሥራው ውኃው ከሚመጣበት በኩል ካለው ዛፍ ይጀመርና ወደሚወርድበት ይኬድ፤ በአንድ ዛፍም ከላይ ወደ ታች። በተገላቢጦሽ ከተሠራ የሚረግፈው ቆሻሻ በጸዳው ላይ ይተኛል።

አልጌ ብቻ አይደለም ጠላቱ። እሳት ኮራል በዘንጉ ላይ ተንፏቆ ክሩን ይወጣና ስታግሆርኑን ያለብሰዋል፤ በጣት ጥፍር የሚያህል ሳለ መቧጨር ቀላል ነው፣ ጓንት ግን ይደረግ፤ ያቃጥላል። ሃይድሮይድ የሚባሉት ላባ መሳይ ጥቃቅን እንስሳትም እንዲሁ። አልጌና ስፖንጅ የተባለው የባሕር እንስሳ በቅለው ሲከብዱ ዛፉ ዝቅ ይላል፤ ተንሳፋፊው እንደ ፊቱ ካልሳበ ችግሩ ክብደት ነው ወይም ውኃ የገባበት ተንሳፋፊ።

ሥጋ እየተላጠ ነጭ አጽም የሚታይበት ኮራል ከተገኘ በመጀመሪያ ማን እንደበላው ይታይ። ጫፉ ብቻ ንጹሕ ነጭ ከሆነ እሳት ትል ነው፤ ከመሠረቱ ወደ ላይ ከወጣና ቀንድ አውጣ ከተገኘ በእጅ ይለቀም። ሁለቱም ከሌሉና ነጩ በየቀኑ ከሰፋ በሽታ ነው። ያ ኮራል ከዛፉ ይነሣ። ማዳን ከተፈለገ ከነጩ መስመር ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጤነኛው ገብቶ ይቆረጥና ለብቻው ይንጠልጠል። የታመመ ዛፍ የዕለቱ የመጨረሻ ሥራ ይሁን እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

ተከላ

ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ውስጥ ስታግሆርን ለተከላ ይደርሳል፤ በደህና ቦታ ቅርንጫፉ በዓመት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን መጠን ነው። በየአቅጣጫው ከ15 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኮራል ሪፉ ላይ በአንድ ዓሣ ንክሻ ያልቃል።

አለቱ ጠንካራ፣ ከአሸዋ ከፍ ያለ፣ ሕያው ኮራልና ስፖንጅ የሌለበት ይሁን። ባለ ሦስት ነጥብ ዳምዝልፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ አልጌ የምታለማበት ቦታ ይታለፍ፤ ለእርሻዋ ስትል ኮራሉን ነክሳ ትገድለዋለች። ቦታው በመዶሻና በመሮ ተፍቆ፣ በሽቦ ብሩሽ ታሽቶ ነጭ አለት ይታይ። ኢፖክሲ፣ ማለትም ኮራሉን ከአለቱ የሚያያይዘው ሙጫ፣ በአልጌ ላይ ቢጣበቅ የያዘው አልጌውን እንጂ አለቱን አይደለም፤ ከአልጌው ጋር ይረግፋል።

ባለ ሁለት ክፍል የባሕር ኢፖክሲ እኩል በእኩል ይቦካል፤ ሁለቱ ቀለም ተዋሕዶ አንድ እስኪሆን። ዥንጉርጉር ሆኖ ከቀረ አይጠነክርም። የሎሚ የሚያክል ድቡልቡል ተደርጎ በአለቱ ላይ ይጫን፣ ኮራሉ በሦስት ነጥብ ይቀመጥበት፤ በአንድ ነጥብ የቆመ ይወዛወዛል። ከዚያ በእጅ መዳፍ ውኃውን አራግቦ መፈተን ነው። ካንቀጠቀጠ ያኔውኑ ይስተካከል። ኃይለኛ ማዕበል የተተነበየበት ቀን ተከላ አይደረግ፤ ኢፖክሲው ሌሊቱን መጠንከር አለበት። ሚስማር መትቶ በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰርም ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ሞገድ ለበዛበት ይበጃል።

የአንድ ጂኖታይፕ አሥር ኮራሎች በአንድ ሜትር ካሬ ውስጥ ይሰብሰቡ፤ አድገው ሲነካኩ ተዋሕደው አንድ ትልቅ ቁጥቋጦ ይሆናሉ። ከጎኑ ያለው ስብስብ ሌላ ጂኖታይፕ ይሁን። ኮራሎቹ በነሐሴ ገደማ ሙሉ ጨረቃ ካለፈ በኋላ ባሉ ጥቂት ሌሊቶች እንቁላልና ዘር ወደ ውኃው ሲለቁ መገናኘት የሚችሉት ከተቀራረቡ ነው።

በአንድ ወር፣ በስድስት ወር፣ በዓመት ይቆጠራል። የወደቀና የሞተ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ብዙ ከወደቀ ጥፋቱ የሙጫው ነው፣ ቆሞ ከሞተ የቦታው።

ለድንጋይ መሳዮቹ ኮራሎች

ዓመት ሙሉ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማያድጉት ለዛፍ አይመቹም። በሞት የባሕር ምርምር ላቦራቶሪ (የተቋሙ ስያሜ ነው) ዴቪድ ቮን ያዳበረው ዘዴ ለእነሱ ነው። ኮራሉ በአልማዝ ባንድ መጋዝ ባሕር ውኃ እየፈሰሰበት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ካሬ ይቆረጥና በሱፐር ግሉ በሴራሚክ ቁራጭ ላይ ይለጠፋል፤ በየብስ ላይ ባለ ገንዳም ያድጋል። የተቆረጠ ጠርዝ ቁስሉን ለመሸፈን ስለሚሽቀዳደም እድገቱ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የአንድ እናት ቁራጮች በሞተ ኮራል አጽም ላይ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሲተከሉ ይገጣጠሙና አሮጌውን አጽም ያለብሱታል። በዚህ መንገድ በ2015 የተተከሉ ኮራሎች በ2020 እንቁላል ለቀዋል።

ቀይ ባሕር ላይ

በኤላት ባሩክ ሪንክቪች በ1990ዎቹ ያቀረበው «የሪፍ አትክልተኝነት» ዛፍ ሳይሆን መረብ ይጠቀማል። የገመድ መረብ 20 ሜትር በሚጠልቅ ውኃ ላይ፣ ከገጹ 6 ሜትር ዝቅ ብሎ ይንሳፈፋል። ቁራጮቹ በሱፐር ግሉ በፕላስቲክ ካስማ ጫፍ ይለጠፉና በመረቡ ላይ ይሰካሉ። ጥቅሙ በተከላ ቀን ይታያል፤ አለቱ ተበስቶ ካስማው ከነኮራሉ ይገባል፣ ኮራሉን መንካት አያስፈልግም። የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራሎች ከበጋው ሙቀት በብዙ ዲግሪ ከፍ ያለ ውኃ መቋቋማቸው በላቦራቶሪ ታይቷል። ስለዚህ እዚያ ቅድሚያው ያለውን ከደለል፣ ከፍሳሽና ከመልህቅ መጠበቅ ነው፤ ተከላው ለተሰበረው ነው።

ሙቀት ሲመጣ

በፍሎሪዳ ኪይስ መንጣት የሚጀምርበት ልክ 30.5 ዲግሪ ገደማ ነው። በጣቢያው ላይ በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ይሰቀል። የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር፣ ኖዋ፣ በሳተላይት የሚያወጣው የሙቀት ድምር በነጻ ይገኛል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ውኃው ከዓመቱ ሞቃት ወር አማካይ በ1 ዲግሪ በልጦ አራት ሳምንት ከቆየ ድምሩ 4 ይሆናል፤ ስሌቱ ያለፉትን 12 ሳምንታት ይይዛል። 4 ላይ መንጣት፣ 8 ላይ ሰፊ ሞት ይጠበቃል። ዕቅዱ 4 ሳይደርስ መንቀሳቀስ አለበት፤ የነጣ ኮራል ጉዞ አይችልም።

በ2023 ሐምሌ በሶምብሬሮ ሪፍ የነበሩት የተተከሉ ኮራሎች ሁሉ ሞተው ተገኙ። ያኔ በዓለም ዜና የዞረው 38.4 ዲግሪ የተለካው ግን በዳርቻው ጥልቀት በሌለው በማናቲ ቤይ እንጂ በሪፉ ላይ አልነበረም፤ ሪፉን ለመግደል ከዚያ እጅግ ያነሰ በቂ ነበር። ችግኝ ጣቢያዎቹ ኮራሎቻቸውን በጀልባ ወደ የብስ ገንዳና ወደ ጥልቅ ውኃ አሸሹ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራ ዛፍ ገመዱ የሚረዝም ይሁን፤ ዛፉን ይዞ ወደ ጥልቅ ቦታ መውሰድ እንዲቻል መለዋወጫ መልህቅ በ15 ሜትር ገደማ ቀድሞ ይቀበር።

ለማጓጓዝ ኮራሉ በባሕር ውኃ በተሞላ ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ፣ እርስ በርስ እንዳይነካካ ተለይቶ፣ ከፀሐይ ተሸፍኖ ይሄዳል። ውኃው በየግማሽ ሰዓቱ ይቀየር። የገንዳው ሙቀት ከመጣበት ውኃ ከ2 ዲግሪ በላይ አይራቅ፤ ቀሪው ልዩነት በቀናት ይስተካከል። ከእያንዳንዱ ጂኖታይፕ ጥቂት ቁራጭ ዓመት ሙሉ በየብስ ገንዳ ይቀመጥ፤ ሁለተኛ ቅጂም በሌላ ተቋም። የባሕሩ ሙቀት ከልኩ በታች ወርዶ ለተከታታይ ሳምንታት ሲቆይ በመጀመሪያ ከየዘሩ ጥቂት ጥቂት ይመለስ፣ አንድ ወር ይታይ፣ የቀረው ከዚያ ይከተል። በገንዳው ላይ የተጻፈው ቁጥርና በዛፉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ መሆኑን ከመጫኑ በፊት ሁለት ሰው ያረጋግጥ።